የተንቀሳቃሽ ባንድ ሶው ምላጭን ለማስተካከል የትኛው የመለኪያ ዘዴ ይሻላል?

በሁለት መዘውሮች ላይ የሚዞር ቀበቶ መሰል ጥርሳም ምላጭ ያለው ተንቀሳቃሽ የእንጨት መሰንጠቂያ (ባንድ ሶው) ይዘው የባሕር ዛፍ፣ የፈረንጅ ጽድ ወይም የግራቪሊያ ግንድ የሚሰነጥቁ ሰዎች ይዋል ይደር እንጂ ምላጩን የማስተካከል ጉዳይ ይገጥማቸዋል። ጣውላው በአንድ ጠርዙ ወፍራም በሌላው ቀጭን ሲሆን፣ ወይም ፊቱ ሞገዳም ሆኖ ሲወጣ፣ አንድ ነገር ከቦታው እንደተነቃነቀ ማንም ይረዳል። አስቸጋሪው ነገር የተነቃነቀውን በምን ለክቶ ወደ ቦታው መመለስ እንደሚሻል መወሰን ነው። አንዱ ሲባጎና የብረት ማስመሪያ ይበቃል ይላል፤ ሌላው ምላጩ ላይ የሚቆነጥጥ ዘንግ ይመክራል፤ ሌላው በማግኔት የሚጣበቅ ዲጂታል የማዕዘን መለኪያ እንዲገዛ ይገፋፋል፤ ምንም ሳይለኩ ቆርጦ በማየት ብቻ የሚያስተካክሉም አሉ። ይህ መመሪያ እነዚህን ዘዴዎች በአንድ ዓይነት መስፈርት እየመዘነ ለማን የትኛው እንደሚሆን ያሳያል።

አቋሜን አስቀድሜ ልግለጽ። ለአብዛኛው ሠራተኛ ውጤቱን የሚወስነው የመለኪያው ረቂቅነት ሳይሆን የማስተካከያው ቅደም ተከተል ነው፤ ቅደም ተከተሉን የጠበቀ ሰው በቀላል ዘንግና በብረት ማስመሪያ የሚያገኘውን ጣውላ፣ ቅደም ተከተሉን ያፈረሰ ሰው በውድ መሣሪያም አያገኘውም። ስለዚህ ዘዴዎቹን ከማወዳደራችን በፊት የሚለካው ነገር ምን እንደሆነ መለየት ይገባል።

የሚለኩት አምስት ነገሮች

የመጀመሪያው ግንዱ የሚያርፍበት አልጋ ነው። ተንቀሳቃሽ መሰንጠቂያ ከቦታ ቦታ ስለሚጎተትና እኩል ባልሆነ መሬት ላይ ስለሚተከል፣ ፍሬሙ ሳይታወቅ ሊጠመዘዝ ይችላል። አልጋው ፍጹም አግድም መሆኑ ግዴታ አይደለም፤ ግዴታው አግዳሚዎቹ ሁሉ በአንድ ወለል ላይ መዋላቸው ነው። አልጋው ጠማማ ከሆነ ከእሱ ተነሥቶ የሚለካው ሁሉ ጠማማ ይሆናል።

ሁለተኛው የምላጩ ውጥረት ነው። ላላ ያለ ምላጭ ቆሞ ሲለካ ልኩ ትክክል ይመስላል፤ እንጨት ውስጥ ሲገባ ግን ይንሳፈፋል። በተጨማሪም ምላጩ በሥራ ሲሞቅ ስለሚረዝም ጠዋት የተወጠረው ረፋድ ላይ ሊላላ ይችላል። ስለዚህ ማንኛውም ልኬት የሚወሰደው ምላጩ አምራቹ ባዘዘው የሥራ ውጥረት ላይ ሳለ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ምላጩ በሁለቱ መዘውሮች ላይ የሚሄድበት መስመር ነው። በቺንጋ የተሸፈኑ መዘውሮች ባሏቸው መሰንጠቂያዎች ላይ፣ 32 ሚ.ሜ. ስፋት ላለው ምላጭ የተለመደው ልክ፣ በጥርሶች መካከል ያለው ጎድጓዳ ሥፍራ ከመዘውሩ የፊት ጠርዝ 3 ሚ.ሜ. ያህል ወጣ ብሎ እንዲሄድ ነው፤ ለ38 ሚ.ሜ. ምላጭ ይህ ልክ ወደ 4.5 ሚ.ሜ. ከፍ ይላል። መሃላቸው ጎበጥ ያሉ የብረት መዘውሮች ምላጩን በጉብታቸው ላይ ስለሚይዙት ልካቸው ከዚህ ይለያል፤ በሁለቱም ግን ጥርሶቹ መዘውሩን መንካት የለባቸውም፤ ከነኩ ግራና ቀኝ የተጣመሙት ጥርሶች እየተጨፈለቁ ቀና ይላሉ።

አራተኛው የምላጩና የአልጋው ትይዩነት ነው። ከአልጋው እስከ ምላጩ ያለው ከፍታ በአንዱ ጎንና በሌላው ጎን ሲለካ ልዩነቱ ከ0.8 ሚ.ሜ. ባይበልጥ ጥሩ ነው።

አምስተኛውና ብዙ ሰው የሚሳሳትበት የመሪ ሮለሮቹ አቀማመጥ ነው። ምላጩን ከግንዱ ግራና ቀኝ የሚመሩት እነዚህ ሁለት ሮለሮች ከላይ ወደ ታች ይጫኑታል፤ በብዙ መሰንጠቂያዎች ላይ ይህ ጫና 6 ሚ.ሜ. ገደማ ነው። ሮለሩ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ካዘነበለ ምላጩም አብሮት ያዘነብላል፤ ጥርሱ ወደ ላይ የቀና ምላጭ እንጨቱን እየቆረጠ ይወጣል፣ ወደ ታች ያቀረቀረው ይሰምጣል። ከሮለሩ ኋላ ያለው ከንፈር (ወጣ ያለው ጠርዙ) ደግሞ ምላጩ ሳይቆርጥ በባዶ ሲዞር ጀርባውን መንካት የለበትም፤ በተለምዶ ከውስጠኛው ሮለር 1.5 ሚ.ሜ.፣ ከውጭኛው ተንሸራታች ሮለር 3 ሚ.ሜ. ያህል ክፍተት ይተዋል። ትክክለኛው ቁጥር ከአምራች አምራች ስለሚለይ የመሰንጠቂያው መመሪያ ካለ የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው።

መስፈርቶቹ

ዘዴዎቹን በአምስት ጥያቄዎች እንመዝናቸዋለን። ከአምስቱ ነገሮች ስንቱን ይለካል? ደጋግመው ሲለኩት አንድ ዓይነት ውጤት ይሰጣል? ሰጋቱራ፣ ሙጫ፣ ዝናብና ፀሐይ ባለበት የጫካ ሥራ ላይ ይዘልቃል? ለመማርና ለመሥራት ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ዋጋውስ? ስድስተኛ ጥያቄም እጨምራለሁ፤ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ገንዘብ የሚያድነው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ዘዴው የመሰንጠቂያውን ጥፋት ከምላጩ ጥፋትና ከግንዱ ጠባይ ለይቶ ያሳያል?

ከመለካት በፊት ግን ሞተሩ እንዳይነሣ ቁልፉ ይነቀላል፣ ባትሪው ወይም የካንዴላው ገመድ ይለያያል፣ ወፍራም ጓንትና የዓይን መከላከያ ይደረጋል። ምላጩን ማዞር ሲያስፈልግ የሚዞረው መዘውሩን በእጅ በመያዝ እንጂ ምላጩን በመሳብ አይደለም። ይህ ለሁሉም ዘዴዎች እኩል የሚሠራ ስለሆነ በንጽጽሩ ውስጥ አልደግመውም።

አማራጭ አንድ፦ ሲባጎና የብረት ማስመሪያ

በጣም ርካሹና በማንኛውም አናጺ ቦርሳ ውስጥ የሚገኘው ዘዴ ይህ ነው። ትልቁ ጥቅሙ አልጋውን ለመፈተሽ ነው። ከአልጋው አራት ማዕዘኖች ሁለት ሲባጎዎች በመስቀለኛ ተወጥረው ሲታሰሩ፣ አልጋው ካልተጠመዘዘ መሃል ላይ ሳይጫጫኑ ይነካካሉ። አንዱ ሌላውን ከተጫነው፣ ወይም በመካከላቸው ክፍተት ከታየ፣ ከአንዱ እግር ሥር መደገፊያ ማስገባት ወይም ማንሻ ቡሎኑን ማዞር ያስፈልጋል። ከዚያ የላይኛውንና የታችኛውን ሲባጎ ቦታ አለዋውጦ ደግሞ ማየት ስሕተትን ይቀንሳል።

የብረት ማስመሪያው ደግሞ ከአልጋው እስከ ምላጩ ያለውን ከፍታ በሁለቱም ጎን ለመለካት በደንብ ያገለግላል፤ ግማሽ ሚሊሜትር የተጻፈበት ከሆነ ለ0.8 ሚ.ሜ. ልክ ይበቃል። የሚጠቀለለው ሜትር ግን ጫፉ ላይ ያለው መንጠቆ ስለሚንቀሳቀስ ለዚህ ሥራ አይመከርም። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ የምላጩ ጥርሶች አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ ቀጥ ያለ ሆነው ስለሚጣመሙ፣ በአንዱ ጎን ወደ ታች በተጣመመ ጥርስ ላይ፣ በሌላው ጎን ወደ ላይ በተጣመመው ላይ የለካ ሰው 1 ሚ.ሜ. ገደማ የሚደርስ የሌለ ልዩነት ያነባል። በሁለቱም ጎን በአንድ ዓይነት ጥርስ ላይ፣ ወይም ከጥርሱ ወደ ኋላ በምላጩ አካል ላይ መለካት ይገባል።

የዚህ ዘዴ ድክመት የሮለሩን ማዘንበል አለማሳየቱ ነው። የምላጩ ስፋት 32 ሚ.ሜ. ብቻ ስለሆነ ፊቱና ጀርባው ላይ በማስመሪያ የሚነበበው ልዩነት ዓይን ከሚለየው ያነሰ ይሆናል፤ ከአምስቱ ነገሮች በብዛት ጣውላ የሚያበላሸው ደግሞ ይኸው ማዘንበል ነው።

አማራጭ ሁለት፦ ምላጩ ላይ የሚቆነጥጥ ዘንግ

ይህ መሣሪያ ቀጥ ያለ ቀላል ዘንግና ምላጩን በጥርሶች መካከል የሚይዝ ቁንጥጫ ነው። ዘንጉ ምላጩን አቋርጦ ከፊትና ከኋላ ስለሚወጣ፣ በምላጩ ስፋት ላይ የማይታየውን ጥቃቅን ማዘንበል አርዝሞ ያሳያል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ዘንጉ ከውስጠኛው ሮለር አጠገብ ይቆነጠጣል፣ ከአልጋው እስከ ዘንጉ የፊት ጫፍና የኋላ ጫፍ ያለው ከፍታ በማስመሪያ ይለካል፣ ሁለቱ ልኮች በ0.8 ሚ.ሜ. ውስጥ እስኪመሳሰሉ ድረስ የሮለሩ ማዘንበያ ቡሎን ይዞራል። ከዚያ በውጭኛው ሮለር አጠገብ ይደገማል።

ዘንጉ 40 ሴ.ሜ. ከሆነ፣ በሁለቱ ጫፎች መካከል የሚፈቀደው የ0.8 ሚ.ሜ. ልዩነት ከ0.1 ዲግሪ ብዙም የማይበልጥ ማዘንበል ማለት ነው። ይህን ቁጥር አንባቢ ቢይዘው እወዳለሁ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ዲጂታል መሣሪያ የሚመዘነው በእሱ ነው። በሌላ አነጋገር ባትሪ የሌለው ዘንግና ማስመሪያ፣ ሥራው የሚጠይቀውን ያህል ረቂቅ ናቸው።

ዘንጉ ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ይለካል፤ የፊትና የኋላ ጫፎቹ ማዘንበሉን ሲነግሩ፣ የውስጥና የውጭ ሮለሮች ልክ ሲነጻጸር ደግሞ ትይዩነቱ ይታወቃል። ተንሸራታቹ የውጭ ሮለር ያለበት ክንድ ሲወጣና ሲገባ ከፍታው እንዳይለወጥም በዚሁ መሣሪያ ይፈተሻል፤ ክንዱ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ አንድ ጊዜ፣ ተዘግቶ ሌላ ጊዜ ይለካል። ክንዱ የሚዘም ከሆነ ለጠባብ ግንድ የተስተካከለው መሰንጠቂያ ለሰፊ ግንድ የተዛባ ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ሳይፈትሽ ይቀርና ትልልቅ ግንዶች ብቻ ለምን እንደሚበላሹበት ሲመራመር ይኖራል።

ዘንጉን ከአምራቹ መግዛት ይቻላል፤ ጥሩ ብየዳ ያለው ባለሙያም ቀጥ ካለ የአሉሚኒየም ዘንግ ሊሠራው ይችላል። የሚሠራው ሰው ሦስት ነገሮችን ይጠንቀቅ። ዘንጉ በትክክል ቀጥ ያለ ይሁን፤ ቁንጥጫው ጥርስ ላይ ሳይሆን በጥርሶች መካከል ባለው አካል ላይ ያርፍ፤ ክብደቱም በፊትና በኋላ ይመጣጠን፤ አንዱ ጎን ከከበደ ዘንጉ ራሱ ምላጩን ስለሚያዘነብለው የሚለካው የመሰንጠቂያው ጥፋት መሆኑ ይቀራል። ዘንጉን አዙሮ በመቆንጠጥና ልኩ መለወጥ አለመለወጡን በማየት መሣሪያውን ራሱን መፈተን ይቻላል።

አማራጭ ሦስት፦ ዲጂታል የማዕዘን መለኪያ

በማግኔት የሚጣበቀው ይህ ትንሽ ሣጥን ለፈጣንነቱ ይወደዳል። አልጋው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ ከዚያ ምላጩ ላይ ሲጣበቅ ከአልጋው ምን ያህል እንዳዘነበለ በዲግሪ ይነግራል። አልጋው ተዳፋት ላይ ቢሆንም ዜሮው ከአልጋው ስለተወሰደ ችግር የለውም፤ መሣሪያው ግን ዜሮ ሲደረግና ሲለካ ፊቱ በአንድ አቅጣጫ መሆን አለበት። የአልጋው አግዳሚዎች እርስ በርሳቸው መጠማዘዝ አለመጠማዘዛቸውን ለማየትም ከሲባጎው ይፈጥናል፤ እኔ የማስበልጠው ለዚህ ሥራ ነው።

ነገር ግን ሻጮች የማይናገሩት ነገር አለ። ብዙዎቹ መለኪያዎች 0.1 ዲግሪ ለይተው ያሳያሉ፤ ትክክለኛነታቸው ግን ብዙ ጊዜ በ0.2 ዲግሪ ወዲያና ወዲህ የሚዋዥቅ ነው። ከላይ እንዳሰላነው ሥራው የሚጠይቀው 0.1 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ማሳያው ላይ የሚታየው ቁጥር ከሚገባው በላይ እምነት ሊያሳድር ይችላል። ከዚህም በላይ የሣጥኑ ክብደት ስስ ምላጭን ሣጥኑ ወጣ ባለበት ጎን ያጎነብሰዋል፤ ምላጩ ውፍረቱ 1.1 ሚ.ሜ. ገደማ ብቻ እንደሆነ አይዘንጋ። ሣጥኑን ከሮለሩ አጠገብ ማጣበቅና ማዕከሉ በምላጩ ስፋት መሃል እንዲውል ማድረግ ችግሩን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ማግኔቱም የብረት ብናኝና ሰጋቱራ ስለሚሰበስብ ከእያንዳንዱ ልኬት በፊት በጨርቅ መጠረግ አለበት።

ዋናው ጉድለቱ ግን ከፍታ አለመለካቱ ነው። ምላጩ በሙሉ በአንድ ጎን ከፍ ብሎ ሳለ የፊትና የኋላ ማዘንበሉ ዜሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዲጂታል መለኪያ የብረት ማስመሪያን አይተካም፤ ማስመሪያ የሌለው ሰው ይህን ቢገዛ ሥራው ግማሽ ላይ ይቆማል።

አማራጭ አራት፦ ዳያል መለኪያ

አንድ መቶኛ ሚሊሜትር የሚያነበው ባለ መርፌ መለኪያ በማግኔት ማቆሚያ ላይ ሲተከል ከሌሎቹ ሁሉ የረቀቀ ነው። ለአልጋና ለምላጭ ትይዩነት ግን ይህ ረቂቅነት ብክነት ነው፤ በብየዳ የተሠራ አልጋ በራሱ ያን ያህል ቀጥ አይልም። ጥቅሙ የሚታየው ሌላ ቦታ ነው። ሮለሩ በእጅ ሲዞር መርፌው ከወዛወዘ ሮለሩ ክብነቱን አጥቷል ወይም ኩሽኔታው አልቋል ማለት ነው፤ ምላጩ በመዘውሩ በእጅ ሲዞር አንድ ቦታ ላይ መርፌው ከዘለለ የምላጩ መገጣጠሚያ ብየዳ እብጠት አለው። ይህን ጥፋት በዘንግም ሆነ በማዕዘን መለኪያ ማግኘት ያስቸግራል።

ምላጭ በራሱ የሚስል ሰው ደግሞ የጥርስ መጣመምን ለመለካት ትንሽ ዳያል መለኪያ ያስፈልገዋል። ጥርሶቹ ግራና ቀኝ የሚጣመሙበት መጠን በጥቅሉ ከ0.45 እስከ 0.65 ሚ.ሜ. ባለው ውስጥ ሲሆን፣ የአንዱ ወገን ከሌላው ከበለጠ ምላጩ ወደዚያው ወገን ይጎትታል። ይህ ጥፋት በጣውላው ላይ ሲታይ ከሮለር ማዘንበል ጋር በፍጹም ስለሚመሳሰል፣ መሰንጠቂያው ትክክል ሆኖ ሳለ ሮለሩን እያዞሩ የሚያባብሱ ብዙዎች ናቸው።

የመስመር ብርሃን የሚጥሉ የሌዘር መሣሪያዎችን በዚህ ንጽጽር አላካተትኳቸውም፤ ግንዱ የት እንደሚቆረጥ ያመለክታሉ እንጂ ምላጩን አይለኩም።

አማራጭ አምስት፦ ቆርጦ ማየት

የሙከራ ቅድ ከሁሉም በላይ እውነቱን የሚናገር ፍተሻ ነው፤ ሌሎቹ ዘዴዎች ምላጩን ቆሞ ሲለኩት ይህ ብቻ በሥራ ላይ ያየዋል። እንደ ብቸኛ ማስተካከያ ዘዴ ግን ደካማ ነው፤ ውጤቱን ያሳያል፣ መንስኤውን ግን ማንበብ ለሚችል ብቻ ይነግራል። ስለዚህ ንባቡን ዘርዘር አድርጌ ላስቀምጠው።

ምላጩ ከአልጋው ጋር ትይዩ ካልሆነ፣ ሳይገለበጥ በተከታታይ ከሚሰነጠቅ ግንድ የሚወጡት መካከለኛ ጣውላዎች እኩል ውፍረት ይኖራቸዋል፤ ሁለቱንም ፊታቸውን የቆረጠው አንድ ዓይነት ያዘመመ ምላጭ ነውና። ስሕተቱ የሚታየው አልጋው ላይ ባረፈው በመጨረሻው ጣውላ ላይ ነው፤ እሱ ብቻ በአንድ ጠርዙ ቀጭን ይሆናል። አራት ማዕዘን ሆኖ መውጣት የነበረበት ምሰሶም በስኳድራ ሲታይ ቀጥ አይልም። እንግዲህ የመጨረሻው ጣውላ ብቻ ከተበላሸ ሮለሮቹን መነካካት አያስፈልግም፤ ምላጩንና መዘውሮቹን የተሸከመው የመሰንጠቂያው ራስና አልጋው ይፈተሹ።

ምላጩ ከግንዱ መግቢያ ላይ ጀምሮ በአንድ አቅጣጫ የሚወጣ ወይም የሚሰምጥ ከሆነ ሮለሩ አዘንብሏል፣ ወይም የጥርሶቹ መጣመም እኩል አይደለም። ለመለየት አዲስ ምላጭ መቀየር በቂ ነው፤ ጥፋቱ ከአሮጌው ምላጭ ጋር ከሄደ ምላጩ፣ በአዲሱም ላይ ከቀጠለ መሰንጠቂያው ነው። ፊቱ ሞገዳም ሆኖ ወዲያና ወዲህ የሚል ጣውላ አብዛኛውን ጊዜ የዶለዶመ ምላጭ፣ ያነሰ የጥርስ መጣመም፣ የላላ ውጥረት፣ የተጋገረ ሙጫ ወይም የችኮላ ግፊት ውጤት ነው። ጉጥ ላይ ብቻ የሚዘል ምላጭም እንዲሁ መጀመሪያ ስለቱና ውጥረቱ ይታይ።

በአገራችን በብዛት የሚሰነጠቀው ባሕር ዛፍ ለሙከራ ቅድ የማይሆነው በሚከተለው ምክንያት ነው። ባሕር ዛፍ ሲያድግ የውጩ አካል ወደ ማጠር የሚሳብ፣ የመሃሉ አካል የታመቀ ሆኖ ስለሚገነባ፣ ግንዱ ሲከፈት ይህ ውጥረት ይፈታል። የላይኛው ሽፋን ሲነሣ ጫፎቹ ወደ ላይ ይቀናሉ፤ የቀረው ግንድ ደግሞ መሃሉ ከአልጋው ይነሣል። ቀጥ ያለው ምላጭ በዚህ በጎበጠ ግንድ ላይ ሲያልፍ የሚወጣው ጣውላ መሃሉ ወፍራም፣ ሁለቱ ጫፎቹ ቀጭን ይሆናል። ይህን ያየ ሰው ምላጩ ተዛባ ብሎ ቡሎን ማዞር ቢጀምር ደህናውን መሰንጠቂያ ያበላሻል። መድኃኒቱ ግንዱን እየገለበጡ ከተቃራኒ ፊቶች ተራ በተራ መሰንጠቅ ነው። ለሙከራ ግን ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለው የፈረንጅ ጽድ ወይም የፓይን ግንድ ይመረጥ፤ አራት ማዕዘን ተደርጎ ከ25 እስከ 30 ሴ.ሜ. ስፋት ሲኖረው ሁለት ሦስት ጣውላ ይነሣለትና እያንዳንዱ በመነሻው፣ በመሃሉና በመጨረሻው በሁለቱም ጠርዝ በካሊፐር ይለካ።

አማራጭ ስድስት፦ ባለሙያ ማስመጣት

መዘውሮቹ እርስ በርስ የተዛቡ፣ ፍሬሙ በመገልበጥ ወይም በግጭት የተጎዳ፣ ወይም የመሰንጠቂያው ራስ የሚንሸራተትባቸው ኩሽኔታዎች ያለቁ ሲሆን ባለሙያ ይሻላል። ለየዕለቱ ማስተካከያ ግን ባለሙያ መጠበቅ ሥራ ያስፈታል፤ መሰንጠቂያው ቦታ በለወጠ ቁጥር ፍተሻ ስለሚያስፈልግ ይህን ዕውቀት ባለቤቱና ሠራተኛው ራሳቸው ሊይዙት ይገባል።

የንጽጽሩ ሠንጠረዥ

| ዘዴ | በደንብ የሚለካው | የማይለካው | በጫካ ሥራ ያለው ጥንካሬ | ጊዜ | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|---|
| ሲባጎና የብረት ማስመሪያ | አልጋ፣ ከፍታ፣ የከንፈር ክፍተት፣ የሮለር ጫና | ማዘንበል | በጣም ጥሩ | መካከለኛ | በጣም ዝቅተኛ |
| የሚቆነጥጥ ዘንግ ከማስመሪያ ጋር | ማዘንበል፣ ትይዩነት፣ የክንድ መዝመም | የአልጋ መጠማዘዝ | በጣም ጥሩ | መካከለኛ | ዝቅተኛ |
| ዲጂታል የማዕዘን መለኪያ | የአልጋ መጠማዘዝ፣ ግምታዊ ማዘንበል | ከፍታ፣ ክፍተት፣ ጫና | መካከለኛ፤ ባትሪና ጽዳት ይፈልጋል | ፈጣን | መካከለኛ |
| ዳያል መለኪያ | የሮለር ክብነት፣ የብየዳ እብጠት፣ የጥርስ መጣመም | የአልጋ መጠማዘዝ | ደካማ፤ ሣጥን ውስጥ ይያዝ | ዘገምተኛ | መካከለኛ |
| የሙከራ ቅድ | አጠቃላይ ውጤት | መንስኤውን በቀጥታ | ጥሩ | እንደ ግንዱ | የአንድ ግንድ ዋጋ |
| ባለሙያ | ሁሉንም | — | — | መጠበቅ አለው | ከፍተኛ |

ለማን የትኛው?

በዓመት ጥቂት ግንዶችን ለራሱ ቤትና አጥር የሚሰነጥቅ ሰው ሲባጎ፣ ግማሽ ሚሊሜትር የሚያሳይ የብረት ማስመሪያና በቤት የተሠራ ዘንግ ይዞ ከዚህ በላይ ምንም ባይገዛ አይጎዳም። የቀረውን ገንዘብ ለተጨማሪ ምላጭ ቢያውለው የሚያገኘው ጥቅም ይበልጣል፤ ምክንያቱም ንጹሕና ስል የሆነ ሁለተኛ ምላጭ ራሱ መፈተሻ ነው።

መሰንጠቂያውን እየጎተተ በየሰዉ ግቢና በየጫካው የሚሠራ ነጋዴ በየቦታው አልጋውን ደግሞ መፈተሽ ስለሚኖርበት፣ ከዘንጉ በተጨማሪ ዲጂታል መለኪያ ቢይዝ ጊዜ ይቆጥብለታል። ለእሱ የምመክረው የሥራ ክፍፍል ይህ ነው፦ የአልጋውን መጠማዘዝ በዲጂታሉ፣ የሮለሩን ማዘንበል በዘንጉ። ሁለቱ ከተጣረሱ ዘንጉ ይታመን።

የጣውላና የሞራሌ ሥራ በቋሚነት የሚያከናውን፣ ምላጭ በራሱ የሚስልና ሠራተኞች ያሉት ድርጅት ዳያል መለኪያና የጥርስ መጣመም መለኪያ ቢኖረው ዋጋቸውን በቶሎ ይመልሳሉ። እንዲህ ያለ ድርጅት የእያንዳንዱን ልኬት ውጤት በደብተር ቢጽፍ መልካም ነው፤ ልኩ በአንድ አቅጣጫ ቀስ እያለ ሲሸሽ የትኛው ኩሽኔታ እያለቀ እንደሆነ ጣውላ ሳይበላሽ አስቀድሞ ይታወቃል።

ያገለገለ መሰንጠቂያ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ደግሞ ማስመሪያና ዘንግ ይዞ ይሂድ። ሮለሮቹን በእጁ ያዙር፣ ክንዱን ከፍቶና ዘግቶ ይለካ፣ የማስተካከያ ቡሎኖቹና ዳዶዎቹ መዞር መቻላቸውን ይመልከት። የዛገና የማይዞር ቡሎን ያለው መሰንጠቂያ ዛሬ ልኩ ትክክል ቢሆን እንኳ ነገ ሊስተካከል አይችልም።

ከሮለር በተጨማሪ ምላጩን ከታች የሚደግፉ ብሎኮች ያሏቸው መሰንጠቂያዎች የያዙ ሰዎች አንድ ተጨማሪ መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል። በብሎኩና በምላጩ መካከል የሚተወው ክፍተት 0.2 እስከ 0.25 ሚ.ሜ. ያህል ብቻ ስለሆነ በማስመሪያ አይነበብም፤ የሞተር ቫልቭ ለማስተካከል የሚያገለግለው ስስ የብረት ቅጠል መለኪያ ግን በትክክል ይሠራል፣ በማንኛውም ጋራዥም ይገኛል።

የትኛውም ዘዴ ይመረጥ፣ ቅደም ተከተሉ አልጋ፣ ውጥረት፣ የመዘውር መስመር፣ ትይዩነት፣ ከዚያ ሮለሮች መሆኑ አይለወጥም። አንዱ ከተነካ ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ዳግመኛ ይለካሉ። ማሰሪያ ዳዶው ከተጠበቀ በኋላ ደግሞ ልኩ ሌላ ጊዜ ይታይ፤ ማጥበቁ ራሱ ሮለሩን ስለሚያንቀሳቅሰው። በመጨረሻም የምላጩን ከፍታ በቁጥር የሚያሳየው ሚዛን ጠቋሚ ይስተካከላል፤ ምላጩ ወደ ታችና ወደ ላይ ስለተንቀሳቀሰ ጠቋሚው የቀድሞውን ከፍታ እያሳየ ይቀራል። ከአልጋው ተነሥቶ ወደ ታች እስከተጣመመው ጥርስ ጫፍ ድረስ ያለው ትክክለኛ ርቀት በብረት ማስመሪያ ተለክቶ፣ ጠቋሚው በሚዛኑ ላይ በዚያው ቁጥር ትይዩ ይታሰራል።